ያልደረቀው ምርጊት

«እናንተ ቀርፋፎች፣ ኑና ከእኔ ተማሩ!» አለች ልጅቱ፣ ጭቃውን በመዳፏ እያለሰለሰች። ለበጎ ፈቃድ ከመጡት ተማሪዎች ሁሉ ቀድማ፣ ከናዳው የተረፈውን የእማማ ብርቅዬን ግድግዳ መርጋ ጨርሳ ነበር።

እማማ ብርቅዬ ጀሪካናቸውን እንዳዘሉ ባሉበት ቆሙ። «ልጄ፣ እዚህ ጋ እኮ ናዳው የወሰደብኝ የልጅ ልጄ፣ የኪዳኔ የእጅ አሻራ ነበር። ጭቃው ሳይደርቅ ያተመው። ሌላ ምን ቀረኝ?» ምላሰኛዋ ልጅ አዲሱን ጭቃ በጥፍሯ ልትፍቀው ስትል «ተይ፣ ጭራሽ ታጠፊዋለሽ» አሏት።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ግድግዳው ደርቆ ነጣ፤ ልጅቱ ግን ከሥሩ አልተነሳችም። የትንሹ እጅ አሻራ ጎድጓዳ ስለነበርና ብዙ ጭቃ ስለያዘ ገና እርጥብ ነበር፤ አምስት ጣቶች ጠቁረው ብቅ አሉ። እማማ ብርቅዬ ሳይነኩት ጠጋ ብለው፣ «ኪዳኔ፣ ዛሬም እጅህን ሳትታጠብ መጣህ?» አሉ።