የቆጠራው ሳምንት

የሦስት አጎራባች ከተሞች ከንቲባዎች ተሰበሰቡና ከተሞቻቸውን በአንድ ፕላን ሊያሳድጉ ወሰኑ። ለየብቻ ያቃታቸው ነገር በጋራ ሊያቅታቸው ነው።

የጋራ ፕላን ጽሕፈት ቤት ተከፈተ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርታ ተሰቀለ። መኖሪያው ቢጫ፣ መንገዱ ቀይ ነው። «ዕድገት» የሚሉት ደግሞ ሰማያዊ ቀስት ሆኖ ገና ማንም ያልሰፈረበት ሜዳ ላይ ተስሏል። የዳገቱ ሰፈር ቀለም አልደረሰውም።

ሜዳው ላይ ቤቶች ሊሠሩ ስለታሰበ የዳገቱን አውቶቡስ ወደዚያ ለማዛወር ተመከረ። ሜዳው ላይ ለጊዜው የሚሳፈር ሰው የለም፤ ይኖራል ተብሎ ግን ተተንብዮአል። ዳገቱ ላይ ሰው አለ፤ እሱን የተነበየው ግን አልነበረም። ለማንኛውም ከውሳኔው በፊት የዳገቱ ተሳፋሪ ለአንድ ሳምንት እንዲቆጠር ታዘዘ።

ወሬውን ሰምታ እንቅልፍ ያጣችው፣ ሰፈሩ «ደወል» የሚላት ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት። ታናሽ እህቷ ኩላሊቷ ደክሞ በየሁለት ቀኑ እጥበት ያስፈልጋታል። ሆስፒታሉ ያለው ከድልድዩ ማዶ፣ ከመስመሩ መሐል ነው። ሁልጊዜ ታክሲ መያዝ አይሞከርም። አውቶቡሱ ቀረ ማለት እህቷ ቀረች ማለት ነው።

ጎረቤቱን በሙሉ ግቢዋ ሰበሰበች።

«ተሳፋሪ ፈለጉ አይደል? ተሳፋሪ እንሰጣቸዋለን» አለች። «ከመነሻው ትሳፈራላችሁ፣ እስከ መጨረሻው ትሄዳላችሁ፣ ትመለሳላችሁ። ከዚያ እንደገና።»

«ሥራ የለንም እንዴ፣ እትዬ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አንተ? የራስህን ፀጉር በመስታወት ስታይ አይደል እንዴ የምትውለው!»

ሁሉም ሳቁ። ፀጉር አስተካካዩም ሳቀ፤ እውነት ነበርና።

«መሐል ላይ የሚወርድ ግን ወዮለት። ባዶ መቀመጫ እንዳያዩብን።»

«እኔስ?» አለች ታናሽ እህቷ ከበረንዳው። «እጥበቴስ፣ እታለም?»

«ግፊያው ይገድልሻል። ለዚህ ሳምንት ባለሱቁ በጭነት መኪናው ያደርስሻል።»

«ከሽንኩርቱ ጋር?»

«ሽንኩርቱ ቢያንስ አያወራም።»

ሰኞ ቆጣሪው መጣ። ጢሙን በጥንቃቄ የከረከመ ሰውዬ ነው። በሩ አጠገብ ተቀመጠ። በሁለቱም እጆቹ አንድ አንድ መቁጠሪያ ይዟል፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት ጠቅ የሚል። አንድ ሰው በተሳፈረ ቁጥር የቀኝ እጁ ጠቅ ይላል።

«የግራውስ?» አለች ልብስ ሰፊዋ በሹክሹክታ።

ደወል አሰበች። ዕድሜዋን ሙሉ ተማሪ ሲኮርጅ ስትይዝ የኖረች ሴት ናት።

«የግራው ለአጭበርባሪ ነው» አለች። «ደጋግመን መሳፈራችንን ካወቀ በዚያ ይቆጥረናል።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሕዝብ የአንድ ሰውዬ ግራ አውራ ጣት ላይ አፈጠጠ። በየዙሩ ሻርፕ ተለዋወጡ፣ መነጽር ተዋዋሱ። ፀጉር አስተካካዩ አንዱን ዙር እያሳለ፣ ሌላውን እያነከሰ ተጓዘ። አንድ ጊዜ በየትኛው እግሩ ያነክስ እንደነበር ጠፋበትና በሁለቱም አነከሰ።

አውቶቡሱ ገና ከመነሻው ጢም ብሎ ስለሚሞላ በየፌርማታው የቆሙት እጃቸውን እያወዛወዙ ቀሩ። ድልድዩን ሲያልፉ ነጭ ጋዋን የለበሰች ነርስ እየጮኸች ከኋላ ሮጠች። ሹፌሩ አልቆመም። ደወል ነርሷን በመስኮት እያየች በኩራት ፈገግ አለች። መስመሩ እንዲህ ተፈልጎ አያውቅም።

መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሁሉም ሲግተለተል ቆጣሪው ቀድሞ ይወርድና ሲጋራ ይለኩሳል። መልሰው ሲሳፈሩ በሩ አጠገብ ያገኙታል።

ረቡዕ ዕለት ድንገት ወደ ደወል ዞረ።

«እናቴ፣ ትላንትም ነበሩ አይደል?»

ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ግራ አውራ ጣቱ ዞረ።

«ትላንትም፣ ዛሬም፣ ነገም» አለች። «ልጆቼ ወዲያ፣ ቤቴ ወዲህ። ምን ላድርግ፣ ለሁለት ልሰንጠቅ?»

ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀ። የግራ አውራ ጣቱ ግን ንቅንቅ አላለም። እስከ ሳምንቱ መጨረሻም አንድ ቀን እንኳ ንቅንቅ አላለም።

«አለፍን» አለች ደወል ለጎረቤቶቿ። «አንድም አልያዘብንም።»

ውሳኔው የተነገረው በትልቁ አዳራሽ ነው። ከንቲባዎቹ በአንድ ጠረጴዛ ተደርድረው ማይክሮፎኑን ወደየራሳቸው ይጎትታሉ። ደወል ከፊት ተቀምጣ የታናሽ እህቷን እጅ ጭብጥ አድርጋ ይዛለች። ከጥግ የቆመው ቆጣሪ አያትና ፈገግ አለ። ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳበች።

የፕላን ኃላፊው ተነሣ። አውቶቡስ ውስጥ ገብቶ የሚያውቅ የማይመስል፣ ቀጥ ያለ ኮት የለበሰ ሰው ነው። ውሃ ተጎነጨ።

«በዳገቱ መስመር ላይ ያላሰብነው ነገር ገጥሞናል» አለ።

«አለቀልን» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«በሦስቱ ከተሞች ውስጥ ይህን ያህል ተሳፋሪ ያለው መስመር የለም። ስለዚህ አይዘጋም። እንዲያውም ትልልቅና አዳዲስ አውቶቡሶች ይመደቡለታል።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ባለሱቁ አፏጨ። ደወል ታናሽ እህቷን አቀፈቻት።

«ተረፍሽልኝ!» አለቻት። ሁለቱም አለቀሱ።

ኃላፊው ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀ። ጣፋጩን ለመጨረሻ ያስቀረ ሰው ይመስል ነበር።

«ደግሞም» አለ፣ «በሳምንቱ ውስጥ መሐል መንገድ ላይ የወረደ አንድም ተሳፋሪ ስላልተገኘ፣ ከነገ ጀምሮ አውቶቡሱ ከመነሻው እስከ መጨረሻው የትም ሳይቆም ይጓዛል።»