ውሃ የማያስገባ ምስክር

ሴትዮዋ ከካሜራው መደርደሪያ ፊት ከቆሙ ግማሽ ሰዓት ሆኗቸዋል። ሻጩ መጀመሪያ ሱቅ የተሳሳቱ መስሎት ነበር።

«ለማን ነው እማማ? ለልጅ ልጅ?»

«ለራሴ።»

«እንግዲያው ይቺ ቀላል ናት...»

«ከገደል ብትወድቅ ትተርፋለች?»

ሻጩ ሳቀ። ሃያ ዓመት ተራራ ለሚወጣ፣ ለዋናተኛና ለጀልባ ቀዛፊ ካሜራ ሸጧል። ጉልበታቸውን ደግፈው ደረጃ የሚወጡ ሴት እንዲህ ሲጠይቁት ግን የመጀመሪያው ነው።

«ከስንት ሜትር?»

«ከሠላሳ። መጀመሪያ ድንጋይ ነው፣ ቀጥሎ ውሃ።»

ሦስት አወጣላቸው። አንደኛውን ገና ሳይነኩት አይሆንም አሉ። «ይሄ አፍንጫው ረዘመ። ሲወድቅ ቀድሞ የሚመታው እሱ ነው።» ሁለተኛው ጡብ ያህላል፤ ልብስ ውስጥ አይደበቅም አሉ። ሦስተኛው ትንሽ፣ ግራጫ፣ ማዕዘኑ በጎማ የተለበጠ፣ ዓይኑ ከወፍራም መስታወት ጀርባ የተቀመጠ ነበር። ሻጩ እየቀረጸ ሳለ ከባንኮኒው ወደ ወለሉ ለቀቀው፤ አንስቶም ለዚሁ ሲል ከሚያስቀምጠው የውሃ ባልዲ ከተተው። ሲያወጣው ቀይ መብራቱ እንደበራ ነው።

የባትሪውን ክዳን ከፍቶ ዙሪያውን የተለበጠችውን ቀጭን ጎማ አሳያቸው።

«ነፍሱ ያለችው እዚች ጎማ ላይ ናት። አንዲት ፀጉር ካረፈችባት ውሃው መንገድ አገኘ ማለት ነው።»

ሴትዮዋ ከኮታቸው ኮሌታ መርፌ ነቅለው፣ እሱ ያላያትን ብጣሽ ክር በጫፏ አነሱ።

«አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። ክር ከእኔ አይደበቅም። ስንት ሰዓት ይቀርጻል?»

«ዘጠና ደቂቃ። አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሁለቴ ጢጥ ይላል።»

«ድምፅስ?»

«ድምፅም ይይዛል። ለመሆኑ ማን ሊወድቅ ነው?» ሲል ቀለደ።

«አምና ልጄ ወድቃለች።»

ሻጩ የሚገባበት ጠፋው። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ሳይቀይሩ ቀጠሉ። ልጃቸው ከባሏ ጋር ከሐይቁ በላይ ካለው ገደል ልትናፈስ ወጣች፤ ባሏ ብቻውን ተመለሰ። አንሸራትቷት ነው አለ። ስልኳ እጇ ላይ ነበር፤ ስልኩም ውሃ ጠጥቶ ዲዳ ሆነ። መርማሪው ፋይሉን በሦስት ሳምንት ዘጋው።

«ስልኳ አፍ ቢኖረው ኖሮ ሰውየው ዛሬ የት እንደሚያድር አውቅ ነበር» አሉ። «እሁድ ሙት ዓመቷ ነው። ከእሱ ጋር አበባ ልናስቀምጥ እንሄዳለን። እሺ ለማሰኘት ሦስት ወር ፈጅቶብኛል።»

«እማማ፣ እንደሚሉት ከሆነ አይሂዱ። ለፖሊስ ይንገሩ።»

«ነገርኳቸው። እናት ስትናገር ማልቀስ ነው የሚመስላቸው።»

«እሺ እኔ አብሬዎት ልሂድ።»

«ሰው ባለበት መልአክ ነው። መልኩን የሚያወጣው ብቻችንን ስንሆን ነው።»

«አልሸጥም ብልስ?»

«ሌላ ሱቅ ሞልቷል፣ ልጄ። ያኛው ግን ጎማውን አያሳየኝም።»

ሻጩ ጎማውን ሦስት ጊዜ ጠርጎ ሰጣቸው። ሴትዮዋ ካሜራውን አንገታቸው ሥር አስደግፈው በግድግዳው መስታወት ራሳቸውን ተመለከቱ። «እሱ ረጅም ነው» አሉ፤ «ፊቱ እንዲገባ ወደ ላይ አዘንብዬ እሰፋዋለሁ።»

እሁድ አለፈ። ሻጩ የሱቁ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ይል ነበር። ሐሙስ ዕለት የገባው መርማሪ ነው። በላስቲክ ከረጢት ከሐይቁ የወጣውን የሴትዮዋን ኮት ይዟል፤ ከአንገትጌው ሥር ግራጫው ካሜራ በቁልፍ ቀዳዳ በኩል ያያል። ከስፌቱ አንድም አልተፈታም።

«ደረሰኝህ ኪሳቸው ውስጥ ነበር» አለ መርማሪው። «አማቻቸው እኛ ጋ ነው። ያለቅሳል እንጂ አይናገርም።» መሬት መሬት እያየ፣ «ያኛውን ፋይል የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለ።

ሻጩ የባትሪውን ክዳን ከፈተ። ጎማው ደረቅ ነው።

ምስሉ ላይ የአማችየው ጀርባ ታየ። አበባ ይዟል። ዞር ብሎ፣ «ቀስ ይበሉ እማዬ፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል» አለ። ጃኬቱን አውልቆ አነጠፈላቸው።

«ወይ አስመሳይ» አለ ሻጩ።

«ዝም በል» አለ መርማሪው።

የሴትዮዋ ድምፅ መጣ። «የገፋሃት እዚህ ጋ ነው?»

ሰውየው ለረጅም ጊዜ ሐይቁን አየ። «እንመለስ እማዬ።»

አልተመለሱም። ሃምሳኛው ደቂቃ አለፈ፤ ሰባኛው አለፈ። ሰውየው ከተቀመጠበት በተነሣ ቁጥር ሻጩ «አሁን ነው» ይላል፤ ሰውየው ወይ ውሃ ያቀብላቸዋል፣ ወይ ፊቱን ጠርጎ ተመልሶ ይቀመጣል። ሴትዮዋ ደጋግመው ይጠይቁታል፤ ይሰድቡታል፤ አንዴም ለመኑት። «ግፋኝ እንጂ። ማን ያይሃል?» እሱ በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ያዘ።

ሰማንያ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ሁለቴ ጢጥ አለ።

ምስሉ ተነሥቶ ወደ ገደሉ አፍ ሄደ። ሰውየው «እማዬ» እያለ ከኋላ ሮጠ፤ ኮቴው ቀረበ፤ እጁ ሲዘረጋ በጎን ታየ።

«ይኸው» አለ ሻጩ። መርማሪው ጠረጴዛውን በጡጫው ተጫነው።

ሰማይ፣ ድንጋይ፣ እንደገና ሰማይ ዞረ፤ ከዚያ ምስሉ ተንጠልጥሎ ረጋ። ከላይ ሰውየው በሆዱ ተኝቶ፣ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ፣ የሴትዮዋን ቀኝ አንጓ በሁለት እጁ ጨብጧል፤ «ያዙኝ፣ እማዬ፣ ያዙኝ» ይላል።

የሴትዮዋ ግራ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ምስሉ ገባና የሰውየውን ጣቶች አንድ በአንድ ያላቅቅ ጀመር።