ዐሥራ ሰባት ቁጥር

መምህሩ ዐሥራ ሰባት ቁጥርን መጠርጠር የጀመረው ገና በሦስተኛው ሳምንት ነው።

ዩኒቨርሲቲው ዘመናዊ ከሆነ ወዲህ ኬሚስትሪ የሚሰጠው በኢንተርኔት ነው። አዳራሹ ለጌጥ ቀርቷል፤ የሚገባበት የሚወለውለው ሰው ብቻ ነው። መምህሩ ቢሮው ተቀምጦ ለኮምፒውተሩ ይናገራል። ሠላሳ ተማሪዎች ካሜራቸውን ዘግተው ያዳምጡታል፤ ማዳመጣቸውን እግዜር ይወቀው። ስማቸውን የሚያውቀው መዝገብ ቤት ነው፤ ለእሱ ሁሉም ቁጥር ናቸው።

ጥያቄ ሲጠይቅ ሃያ ዘጠኙ ውሃ እንደጎረሰ ሰው ጭጭ ይላሉ። ዐሥራ ሰባት ግን ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ጽፎ ይልካል። ድምፁ ተሰምቶ አያውቅም። ከትምህርት የቀረውም አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ሕንፃው ከላይ እስከ ታች በታጠበበት ዕለት።

ብሶቱን የሚያዋየው ለፎቁ ጽዳት ሠራተኛ ነበር። እትዬ ይላታል። ዘፈን ነፍሷ ስለሆነ ማዳመጫ ከጆሮዋ አይጠፋም፤ ሁለት ጊዜ መጥራት ግድ ነው።

«ሰው አይደለም» አላት አንድ ቀን።

«ታዲያ ምንድን ነው? ጋኔን?»

«ማሽን ነዋ። ልጁ ለሽ ብሎ ይተኛል፣ እኔ ማሽን አስተምራለሁ።»

ምናልባት ጎበዝ ቢሆንስ ብላ ተከራከረችለት። እሱ ግን ጎበዝ የሚባል ዘር ከጠፋ ቆይቷል አላት። በረኪና ከአሲድ ጋር ለምን እንደማይቀላቀል ሲጠይቅ፣ ዐሥራ ሰባት ቀመሩን ከጻፈ በኋላ «ለሁለት ቀን ጉሮሮ ያቃጥላል» ብሎ ጨምሮበታል።

«ጉሮሮ የሌለው ነገር ስለ ጉሮሮ ሊያስተምረኝ!»

እትዬ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። ተማሪውን ምን ሊያደርጉት እንደሆነ ጠየቀች። የመጨረሻው ፈተና በአካል፣ አዳራሹ ውስጥ ነው፤ ስልክ በር ላይ ይቀራል፤ ያልመጣ ይሰረዛል አላት። ቀኑንና ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አስደገመችው። አዳራሹን ቀድሞ ማጽዳትም የእሷ ሥራ ነዋ።

በፈተናው ጠዋት ወለሉ እንደ መስተዋት ያበራል። ሃያ ዘጠኙ ተማሪዎች የሚነኩት ስልክ አጥተው ጣታቸውን ያፍተለትላሉ። አንድ ወንበር ባዶ ነው። መምህሩ ፈገግ ብሎ ቀይ እስክሪብቶውን አነሳ።

በሩ ተከፈተና እትዬ ገባች።

«እትዬ፣ ፈተና ላይ ነን። በኋላ ትወለውያለሽ።»

«አውቃለሁ፣ መምህር» አለችና ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች።