ጓሮውን ሴራሚክ ያለበሰው ልጅ

"ስንት አልሽኝ?!"

ሰውየው ዘንቢሉን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

ቲማቲም ሻጯ የሚዛኗን ሳህን እየጠረገች ዋጋውን ደገመችለት... ያው ነው። ድሮ ከሚገዛበት እጥፍ!

"እህቴ፣ እኔ እኮ ደንበኛሽ ነኝ! ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሌላ ጋ ሄጄ አላውቅም!"

"አውቃለሁ ወንድሜ..."

"ባለፈው ሳምንት በግማሹ ነው የሸጥሽልኝ!"

"እሱንም አውቃለሁ..."

"ታዲያ ምን ነካሽ? አንቺም እንደ ሌሎቹ ሆንሽ?"

ሴትየዋ አቀረቀረች።

እስቲ እሷ አቀርቅራ ትቆየንና ስለ ሰውየው ትንሽ ልንገራችሁ...

ሰውየው ሴራሚክ ነጋዴ ነው። ቤቱ ከሱቁ አይለይም። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ሴራሚክ፣ ደረጃው ሴራሚክ... ቢመቸው ጣሪያውንም አይምርም ነበር!

አንድ ያልደረሰበት ቦታ ቢኖር የእናቱ ጓሮ ነበር።

እናትየው አብረውት ነበር የሚኖሩት። ጓሮው ውስጥ ቲማቲም፣ ጎመን፣ ካሮት ይተክሉ ነበር። የቲማቲሙን ዘር እያደረቁ በባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ያስቀምጡታል። ጠዋት ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሲኮተኩቱ ላያቸው የሰባ ዓመት ሴት አይመስሉም።

ልጅየው ግን ያፍር ነበር።

"እማዬ፣ የእኔ እናት ጭቃ ስታቦካ ሰው ምን ይላል?"

"ሰው ሲርበው የሚለውን ነው እኔ የማውቀው" ይሉታል እየሳቁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት እናትየው እህታቸውን ለመጠየቅ ለአንድ ሳምንት ሄዱ።

ልጅ ሆዬ ሠራተኞች ጠራ... አትክልቱን አስነቀለ፣ ጥቁሩን አፈር በመኪና አስጭኖ አስወጣ፣ ሲሚንቶ አስፈሰሰ፣ ከላዩ የሱቁን ምርጥ ሴራሚክ አስነጠፈ።

ሊያስደስታቸው እኮ ነው! ክፋት የለበትም። እኔን የሚያናድደኝም ይሄው ነው።

እናት ተመልሰው ሲመጡ የጓሮው በር ላይ ቆሙ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ።

"ምነው እማዬ፣ ለምን ታወልቂያለሽ?"

"እንዳላቆሽሽብህ ብዬ ነው ልጄ... እጅህ ይባረክ፣ ያምራል።"



ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ግን ጠዋት ጠዋት መውጣት ለመዱ። "እግሬን ላፍታታ" ብለው ይወጣሉ፣ ረፋድ ላይ ይመለሳሉ። ልጅየው "እናቴ በዚህ ዕድሜዋ ስፖርት ጀመረች!" እያለ ለጓደኞቹ ሲያወራ አያፍርም።

በዚያው ሰሞን አትክልት እሳት ሆነ። ጎመን እንኳ አልቀመስ አለ።

አንድ ቀን እናትየው "ገበያው ጫፍ ላይ ጥላዋ የተቀደደ ሴት አለች፤ ከእሷ ግዛ" አሉት። ሄደ። እውነትም በግማሽ ዋጋ!

ምሳ ላይ አንዱን ቲማቲም ገመጠና፣ "ይሄ ነው ቲማቲም! እማዬ፣ እውነቴን ነው፣ አንቺ ትተክይው ከነበረው ይበልጣል!" አለ።

እናቱ ሳቅ አሉ።

"ይበልጣል ልጄ... ብላ።"

ከሦስት ወር በፊት ታመሙ... በሳምንታቸው አረፉ።

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ።

ሴትየዋ ቀና ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

"ወንድሜ፣ እኔ መቼም ሰው በሚሸጥበት ነው የምሸጠው። ያንተን ግማሽ እማማ ነበሩ የሚሞሉት።"

"የቷ እማማ?"

"እናትህ ናቸዋ! ወንዙ ዳር ትንሽ መሬት አለችኝ። አንድ ጠዋት ዳር ላይ ቆመው ሲያዩኝ አገኘኋቸው። ከዚያ በየቀኑ እየመጡ ይኮተኩቱልኝ ጀመር። ልክፈልዎት ብላቸው፣ 'ለእኔ ምንም አትስጪኝ። ልጄ ሲመጣ በግማሽ ሽጪለት። ብቻ እንዳትነግሪው፣ ይከፋዋል' አሉኝ።"

ሰውየው ከቲማቲሙ አንዱን አንስቶ አገላበጠው።

"ስትበላው የኖርከው ቲማቲምም ዘሩ የሳቸው ነው... ከብልቃጥ አውጥተው ነው የሰጡኝ። ካረፉም በኋላ እንደ ቃላቸው ሦስት ወር ሰጠሁህ። ከዚህ በላይ ግን አቅሜ አልቻለም። ይቅር በለኝ።"

አስቡት... ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት!

"ስለ እኔ... ምን ትል ነበር?" አላት እንደምንም።

"'ልጄ ቤቱን አሳምሮታል፣ ለቤቱ የማልሆነው እኔ ነኝ' ይሉ ነበር።"

ምንም ሳይገዛ ሄደ። ቤቱ እንደደረሰ ዲጂኖ አንስቶ ጓሮ ገባ።

"ኧረ ምን ሆነሃል? ያ ውድ ሴራሚክ!" ብላ ሚስቱ ጮኸች።

አልሰማትም። ያስነጠፈውን በገዛ እጁ ሰባበረው። ግን ከሥሩ ያገኘው ጠጠር ነው። ያን የእናቱን ጥቁር አፈር መኪናው የት እንደደፋው እንኳ ጠይቆ አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ወንዙ ዳር ሄደ። ሴትየዋ አላባረረችውም። መኮትኮቻ ሰጠችውና ገና ግማሹ የተኮተኮተ መደብ አሳየችው።

"ይሄን እሳቸው ናቸው የጀመሩት... አልጨረሱትም። እኔም መንካት አልሆነልኝም።"

ተንበረከከ። እያለቀሰ መኮትኮት ጀመረ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ወገቡ ተቆረጠ።

እናቱ ሰባ ዓመታቸው ነበር።

ወዳጆቼ... ወላጅን ደስ ይለዋል ብለን የምናደርገውና ወላጅን ደስ የሚለው ነገር ለየቅል ነው። ከመሸፈናችሁ በፊት ጠይቁ። ደጃችሁ ላይ አንድ ክንድ አፈር ካለችም አትናቋት፤ ገበያው ፊቱን ሲያዞር የምታበላችሁ እሷ ናት።

እስቲ ልጠይቃችሁ... እናታችሁ በእጇ የምትተክለው ምንድን ነው?

ካለች አሁኑኑ ደውላችሁ ጠይቋትና መልሷን ከታች ጻፉልኝ። የሌለቻችሁም... ትተክለው የነበረውን ጻፉ። ሁሉንም አነበዋለሁ።