ግዴታ ገብቶ ነው የወጣው

ልብስ ሰፊዋ ለምሳ ስትወጣ እቤት የረሳችውን ሜትር ልትወስድ ብቅ አለች። በሩን ከፍታ አንድ እርምጃ እንደገባች ቆም አለች። ከቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር ጎድሏል፤ ምን እንደሆነ ግን ቶሎ አልመጣላትም።

ቧንቧው ነው። ባሏን ስንቴ ሥራልኝ ብላ የለመነችው፣ ቀን ከሌት ጠብ ጠብ ሲል የኖረው የኩሽና ቧንቧ ጸጥ ብሏል። ጠጋ ብላ አየችው። ጎማው ተቀይሮ፣ ዙሪያው ተወልውሎ ያበራል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሰሃን ቀርቧል።

የበሩን ቁልፍ ያልቀየረችው ባሏ ታስሯል ብላ ነው። ስልኳን አውጥታ መርማሪው ፖሊስ ጋ ደወለች፤ ክንዷን የሰበራት ጊዜ ቃሏን የተቀበላት እሱ ነው።

"ባለቤቴ እዚያው ነው አይደል?"

"ቆይ እስቲ እህቴ…" ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። "ጠዋት ፍርድ ቤቱ ዋስትና ፈቅዶለት ወጥቷል። አልነገሩሽም እንዴ?"

"ማን ይነግረኛል?"

"ዐቃቤ ሕጓ ትደውልልሻለች ብዬ እኮ ነው። ለማንኛውም ሐሳብ አይግባሽ። እቤትሽ ድርሽ ላይል ግዴታ ገብቶ ነው የወጣው። ዋስ የሆነውም ታላቅ ወንድሙ ነው።"

"ቧንቧውን ሠርቶታል" አለች።

"ምን አልሽ? ጮክ በይ፣ አይሰማም።"

መኝታ ቤት ውስጥ ቁም ሣጥኑ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ከዚያ ፉጨት ተከተለ፤ በመታት ማግሥት፣ ይቅርታ ሊጠይቃት ሲያስብ የሚያፏጫት ያችው ዜማ።

ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች። በሩ እንዳይጮህ ገርበብ አድርጋ ትታው፣ ግድግዳውን እየዳበሰች ደረጃውን ወረደች። መንገዱን ተሻግራ ፋርማሲው ደጃፍ ቆመች። ስልኩ አልተዘጋም።

"ቤቴ ውስጥ ነው" አለችው መርማሪውን።

"እንዳትመለሺ። ሰው ይዤ መጣሁ።"

ዝናቡ ማካፋት ጀመረ። ቀና ብላ አየች። ባሏ በረንዳው ላይ ወጥቶ ጠዋት ያሰጣችውን ልብስ እንዳይረጥብ ያነሣል፤ የቀሚሷን ሁለት ትከሻ ይዞ፣ አራግፎ፣ ቀስ ብሎ እያጠፈ።