የነከሰችበት ጥርስ

አጎቷ ሌላውን ሰልፍ ሁሉ ትቶ እሷ ወደምትፈትሽበት መስመር መጣ። «የወንድሜ ልጅ እያለች ማን ይነካኛል!» ብሎ ሻንጣውን ማሽኑ ላይ ጫነ። የጉምሩክ ፈታሿ ስክሪኑን አየች። በካልሲ የተጠቀለለ የዝሆን ጥርስ በልብሶቹ መሃል ተጋድሟል። የፓርክ ዘብ የነበረውን አባቷን አዳኞች የገደሉት በእንዲህ ዓይነቱ ጥርስ የተነሳ ነው፤ የሚጠብቅበትን ቦታ የጠቆማቸው ደግሞ ይሄው አጎቷ፣ ቀብሩ ላይ ከሁሉ በላይ ያለቀሰው ሰው ነበር።

ጣቷ ቀዩ ቁልፍ ላይ ደረሰ። እዚህ ቢያዝ ነገ ሽማግሌ ይላክባታል፤ «ሥጋሽ አይደለም ወይ?» ትባላለች፤ እሱም በዋስ ይወጣል። ቁልፉን ተወችና በጋራ ሥልጠና ላይ ለተዋወቀችው የመዳረሻው አገር መርማሪ የስክሪኑን ፎቶና የበረራውን ቁጥር በስልኳ ላከች። «እንጠብቀዋለን» የሚል መልስ ወዲያው መጣ።

«ይለፉ፣ ጋሼ። እዚያ የሚቀበልዎት ሰው አለ?»

«በሰው አገር ማን አለኝ ብለሽ!»

«አይዞዎት፣ አያጡም።»

«ተባረኪ! ቁርጥ አባትሽን!» ብሎ ግንባሯን ሳማት።

እሷም ያን ሁሉ ዓመት የነከሰችበትን ጥርስ ፈገግ ብላ አሳየችው።