የእትዬ ውድነሽ አረቄ

እትዬ ውድነሽ ስለ ልጃቸው፣ ስለ ዘፋኙ ዳምጠው ለተሠራው ዘጋቢ ፊልም ትዝታቸውን ሰጡ። ለፊልም የተሰጠ ትዝታ ከባለቤቱ ጭንቅላት ይወጣል፤ መቼም አይመለስም። ፊልም ሠሪዎቹ መርጠው የወሰዱት የልጃቸውን የስካር ዘመን ነው፤ ለተመልካች እሱ ይጥማል።

ትናንት ዳምጠው ከሱስ ማገገሚያ የሚመጣበት ቀን ነበርና፣ ጎረቤት ነኝና እሳቸው ዘንድ ጎራ አልኩ። ዱሮ እሱ እንዳያገኘው ከዱቄት ጆንያ ኋላ የሚደብቁት የእንግዳ አረቄ ጠረጴዛው ላይ ጉብ ብሏል።

«ለማን ነው፣ እትዬ?»

«ለልጄ ነዋ። ከመንገድ ሲገባ ጉሮሮውን ያርስበት።»

ጠጪ ነበር ብላቸው ስም አጥፊ ያደርጉኛል። «ጉልበቴን ልሽበት፣ ይስጡኝ» ብዬ ነጠላዬ ውስጥ ሸጎጥኩት።

«አንቺ፣ መጠጥ ጀመርሽ እንዴ?»

«ምን ላድርግ፣ እርጅና ነው።»

በር ላይ ከዳምጠው ጋር ተገጣጠምን። የጠርሙሱን አንገት አየና ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመኝ።

ዛሬ መንደሩ ሁሉ መጠጥ እንድተው እየመከረኝ ነው።